የመሬት ሽቦው ምን ያህል ይወፍር?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ገለጻ። ስብሰባውን ላልተካፈላችሁ ነዋሪዎች በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



 ስለ መብራት እንነጋገራለን ስንል ስለሚጠፋው መብራት መስሏቸው የመጡ እንዳሉ ከፊታቸው ያስታውቃል። እሱን ሌላ ቀን እናነሣዋለን። ዛሬ የምናነሣው ሰው ስለሚያጠፋው መብራት ነው።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ምጣድ ነው። ባለፈው በጋ ከላይኛው መንደር አንዲት እናት ወደ ኮሚቴያችን መጥተው «ምጣዴ ይነዝረኛል» አሉን። ከመቼ ጀምሮ? ብለን ብንጠይቃቸው «ኧረ ቆየ፤ ኮንጎ ጫማ አድርጌ ስጋግር ደህና ነው፤ ባዶ እግሬን የሆንኩ ቀን ግን እስከ ክንዴ ድረስ ይሰማኛል» አሉ። ታዲያ እንዴት ዝም አሉ? «ለምጄዋለሁ እኮ። ልጆቹ እንዳይጠጉ እከለክላለሁ፣ በቃ።» እኛ ከዚህ መልስ በኋላ ሌሊቱን በሰላም የተኛን አይመስለንም። ኮረንቲ የሚለመድ ነገር አይደለምና።

በማግሥቱ ሄደን የብሬከር ሳጥናቸውን ከፈትን። ሳጥኑ አዲስ፣ ብሬከሮቹ አዲስ፣ ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦም ወፍራምና ንጹሕ ነበር። ልጃቸው «ሠራተኛው ባለ 16 ስኩዌር አስገብቼላችኋለሁ ብሎ ዋጋውን ተቀብሎናል» አለን። እውነቱን ነው፤ ባለ 16 ነው። ሽቦውን እየተከተልን ከማድ ቤቱ ጀርባ ስንደርስ ግን መጨረሻው አንድ ክንድ በማትሞላ ፌሮ ላይ ተጠምዝዞ አገኘነው። ፌሮዋ በሁለት ድንጋዮች መካከል ተሸጉጣ፣ ዝጋ፣ ቆማለች። ከእኛ አንዱ በእጁ ቢስባት እንደ ቀይ ሽንኩርት ተነቀለች። ቤቱ ለአንድ ትልቅ ቪላ የሚበቃ የመሬት ሽቦ ነበረው፤ መሬት ግን አልነበረውም።

ከዚያ ወዲያ ፈቃዳቸውን የሰጡንን ጎረቤቶች ቤት እየዞርን ማየት ጀመርን። በአንዱ ግቢ ነገሩ ተገልብጦ ጠበቀን። ዘንጉ ጥሩ ነው፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ እርጥብ አፈር ውስጥ በጥልቀት ገብቷል፤ ከሳጥኑ ጋር ያገናኘው ግን የስልክ ሽቦ ነው። በሌላው ግቢ ደግሞ የመሬቱ ሽቦ ከድሮው የውኃ ቧንቧ ጋር ታስሯል። ይህ በአባቶቻችን ጊዜ የተለመደ ነበር፤ ቧንቧው ብረት ሆኖ እስከ መንገዱ ድረስ በአፈር ውስጥ ስለሚሄድ ይሠራም ነበር። አሁን ግን የውጪው ቧንቧ በፕላስቲክ ተቀይሯል። ከግድግዳው የወጣችው ሁለት ሜትር ብረት ብቻ ቀርታለች። ስለዚህ በዚያ ቤት አንድ ዕቃ ቢበላሽ ኮረንቲው ወደ መሬት በመሄድ ፈንታ ወደ ቧንቧው እጀታ ይሄዳል ማለት ነው። ውኃ ሊቀዱ የሚመጡት ደግሞ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። የመሬት ሽቦ ሥራው ምንድን ነው? ከምሰሶው ወደ ቤታችን የሚመጡት ሽቦዎች ሁለት ናቸው፤ ፌዝና ኒውትራል። (ሦስት ፌዝ ያስገባችሁ አራት ናቸው።) መብራቱም ምጣዱም የሚሠራው በእነዚሁ ነው፤ የመሬቱ ሽቦ በደህናው ቀን ሥራ ፈት ነው። ሥራ የሚይዘው የምጣዱ የውስጥ ሽቦ ተልጦ ከብረቱ አካል ጋር የነካ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ኮረንቲው በእናታችን ክንድ ከመሄድ ይልቅ በሽቦው ወደ መሬት ይወርድና በአፈሩ ውስጥ አድርጎ ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል። መንገዱ ሰፊ ከሆነ ብዙ አምፔር ስለሚፈስ ብሬከሩ ይዘላል። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ጥቂት አምፔር ይፈስሳል፣ ብሬከሩም ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ይላል፤ ምጣዱ ደግሞ ኮረንቲውን እንደ ተሸከመ ይቀመጣል።

ይህን በቁጥር እንየው። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ዘንግ እርጥበት ባለው የሸክላ አፈር ውስጥ ብንተክል የመሬቱ ተቃውሞ 60 ኦም አካባቢ ይሆናል። የእኛ ቮልቴጅ 220 ነው። 220ን ለ60 ስናካፍል ሦስት አምፔር ከግማሽ ያህል ይመጣል። የምጣዳችሁ ብሬከር ስንት ነው? 20፣ ወይም 25። በሦስት ተኩል አምፔር እስከ ጥምቀት ቢቆይ አይዘልም። እንግዲህ ይህ በጥሩ አፈር፣ በደንብ በተተከለ ዘንግ ነው። ድንጋያማ በሆነው ቦታ ተቃውሞው ዐሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ 600 ኦም። ያን ጊዜ የሚፈስሰው አንድ ሦስተኛ አምፔር ገደማ ነው። ሽቦውን ባለ 16 አድርጉት፣ ባለ 50 አድርጉት፣ ይህ ቁጥር አይንቀሳቀስም፤ ምክንያቱም ጠባቡ በር ያለው ዘንጉ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ነው።

እንጦጦ ደግሞ እንጦጦ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አፈሩ እየሳሳ፣ ዶማው ከድንጋይ ጋር እየተጋጨ እንደሚሄድ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ተራራው የጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ዳገቱ ውኃ አይዝም፤ ባሕር ዛፉም የተረፈውን ይጠጣዋል። በሐምሌና በነሐሴ ተለክቶ ደህና የተባለ ዘንግ በየካቲትና በመጋቢት አፈሩ ሲደርቅ ሌላ ዘንግ ይሆናል። ምጣዱ እናታችንን በክረምት ትቷቸው በበጋ የሚነዝራቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዘንግ መለካት ካለበት በበጋ መጨረሻ ነው፤ በክረምት የተለካውን አንመነው።

ድንጋይ የገጠመው ምን ያድርግ? አንድ ረጅም ዘንግ በመዶሻ ለማስገባት ታግሎ አጣምሞት ከመተው፣ ጉልበት ድረስ ወይም ትንሽ ጠለቅ አድርጎ ቦይ ቆፍሮ ባዶ የመዳብ ሽቦ አጋድሞ መቅበር ይሻላል። ዐሥር ሜትር ያህል ከተዘረጋ መካከለኛ በሆነ አፈር ውስጥ ከአንድ ቁመት ዘንግ ጋር የሚስተካከል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ውጤት ይሰጣል። ሁለት ሦስት ዘንግ መትከልም ይቻላል፤ ነገር ግን በመካከላቸው ቢያንስ የአንዱን ዘንግ ቁመት ያህል ርቀት ይኑር፤ ጎን ለጎን ከተተከሉ እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት። ከሰልና ጨው መጨመር የቆየ ዘዴ ነው፤ ከሰሉን አንቃወምም። ጨው ግን ብረቱን ይበላዋል፣ የእንጦጦም ዝናብ በአንድ ክረምት አጥቦ ይወስደዋል። ጨው የጨመረ ሰው በየዓመቱ ሊጨምር ነው ማለት ነው፤ ማን ያስታውሰዋል?

ወደ ውፍረቱ እንመለስ፤ ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ለዚህ ነውና።

እዚህ ላይ ሙያተኞች «ስኩዌር» ሲሉ የመዳቡን ስፋት በሚሊ ሜትር ካሬ ማለታቸው ነው፤ ፕላስቲኩን አይጨምርም። አንዳንድ ሽቦ በገበያ ላይ ፕላስቲኩ ወፍሮ መዳቡ የሳሳ ነውና ጫፉን ሳታዩ አትግዙ። አገራችን የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብ አላት፤ ኢቢሲኤስ 10 የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን የሚከተለው የውፍረት ሕግ ደግሞ በቃል ሊያዝ የሚችል ቀላል ነው። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ፌዝ ሽቦ እስከ 16 ድረስ ከሆነ የመሬቱ ሽቦ ከእርሱ እኩል ይሁን። ባለ 6 ከገባ ባለ 6፣ ባለ 10 ከገባ ባለ 10። ከ16 አልፎ እስከ 35 ከሆነ የመሬቱ 16 ይበቃዋል። ከ35 በላይ ከሆነ ግማሹ ነው፤ ባለ 50 ሲገባ ባለ 25። ይህ ሁለቱም መዳብ ሲሆኑ ነው።

ከሳጥኑ ወደ ሶኬቶቹና ወደ ምጣዱ በሚሄዱት መስመሮችም ሕጉ ያው ነው። የሶኬቱ መስመር ባለ 2.5 ከሆነ የመሬቱም ባለ 2.5፤ የምጣዱ ባለ 4 ከሆነ የመሬቱም ባለ 4። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ስለሚበላ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ስለዚህ ምጣድን ከተራ የሶኬት መስመር ላይ ማንጠልጠል ራሱ ጥፋት ነው፤ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። የመሬቱ ሽቦ ከሌሎቹ ተለይቶ ለብቻው የሚዘረጋ ከሆነ ደግሞ በቱቦ ውስጥ ከ2.5፣ ያለ ቱቦ ከ4 በታች እንዳይሆን።

«ታዲያ ሦስት አምፔር ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ምን ያወፍረዋል? ቀጭን አይበቃም ወይ?» ብሎ አንድ ወጣት ጠይቆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለሒሳብ ወዳዶች፣ ሽቦው ሳይቀልጥ ሊቋቋመው የሚገባው ውፍረት የሚገኘው አምፔሩን በጊዜው ስኩዌር ሩት አባዝቶ፣ ፕላስቲክ ለለበሰ የመዳብ ሽቦ በ143 በማካፈል ነው። በሆነ አጋጣሚ 1,000 አምፔር ለአንድ ዐሥረኛ ሴኮንድ ቢፈስ 2.2 ስኩዌር ይመጣል። እንዲህ ያለ አምፔር በዘንግ በኩል አይመጣም፤ ግን የመሬቱ ሽቦ ከሌላ ብረት ጋር፣ በዚያም በኩል ከኒውትራል ጋር ሳይታወቅ የተነካካ ዕለት ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ የስልኩ ሽቦ እንደ ክብሪት ነው የሚነደው።

ከሳጥኑ ወጥቶ ወደ ዘንጉ የሚወርደውን ሽቦ የሚያወፍረው ግን ከሁሉ በላይ ዶማና ዝገት ነው። ጎመን የሚተክል ሰው ሽቦ መኖሩን አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ቆርጦት አፈር ሲመልስበት ማንም ሳያይ ቤቱ ያለ መሬት ይቀራል። ስለዚህ በአፈር ውስጥ የሚቀበረው ፕላስቲክ የለበሰ ሆኖ ቱቦ የሌለው ከሆነ ከ16 እንዳያንስ፤ ባዶ መዳብ ከሆነ ከ25 እንዳያንስ፤ ተራ ብረት ከሆነ ከ50። በቱቦ ውስጥ ተከልሎ የሚሄድ ከሆነ ቅድም የተናገርነው የእኩልነት ሕግ ይበቃል። ወደ ራስ ዘንግ ለሚወርድ ሽቦ ከመዳብ 25 በላይ ማንም አያስገድዳችሁም፤ አውጡ ቢሏችሁ ለምን በሉ። አሉሚኒየም አትቅበሩ፤ አፈር ይበላዋል። መያዣውም መጠምዘዝ ሳይሆን በብሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ ይሁን፣ መገጣጠሚያውም ተከፍቶ በሚታይ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ክዳን ኖሮት ይቀመጥ። በቤታችሁ የብረት ቧንቧ ካለ እርሱንም ከሳጥኑ የመሬት ማሰሪያ ጋር አገናኙት፤ ለዚህ የዋናው ግማሽ፣ ሆኖም ከ6 የማያንስ ሽቦ ይበቃል።

አሁን ደግሞ እስካሁን ያልነካነው ትልቁ ነገር። ዘንጋችን 60 ኦምም ይሁን 600፣ ተራው ብሬከር እንደማይዘልልን አይተናል። ታዲያ የሚያድነን ማነው? አር ሲ ዲ የሚባለው ብሬከር ነው። የዚህ ዕቃ ሥራ በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው ኮረንቲ እኩል መሆኑን ያለማቋረጥ መመዘን ነው። በመካከል የጎደለ ካለ፣ በሰውም ሆነ በዘንግ በኩል ወደ መሬት ሄዷልና ወዲያውኑ ይቆርጣል። በላዩ ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሚል የተጻፈበትን ግዙ። 600 ኦም ዘንግ ያለው ቤት ሊያፈስስ የሚችለው አንድ ሦስተኛ አምፔር ከዚህ ዐሥር እጥፍ ይበልጣልና ይቆርጣል። ዋጋው ከአንድ ጥቅል ወፍራም ሽቦ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ በሱቅ ጠይቁ፤ እኛ እናታችን ለባለ 16ቱ ሽቦ ያወጡት ለዚህ ቢወጣ ኖሮ ብለን ተቆጭተናል። በፊቱ ላይ የመፈተኛ ቁልፍ አለው፤ በወር አንድ ጊዜ ተጫኑት። ካልዘለለ ሞቷል፤ ቀይሩት። ይህ ማለት ግን የመሬቱ ሽቦ ይቅር ማለት አይደለም፤ የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት አር ሲ ዲው የሚዘልለው ሰው ከተነካ በኋላ ነው።

ስለ አምፖሉ ፈተና አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ብዙ ሠራተኛ አንድ አምፖል በፌዝና በመሬቱ ሽቦ መካከል አገናኝቶ «ይኸው በራ፣ ግራውንዳችሁ አንደኛ ነው» ይላል። ባለ 100 ዋት አምፖል በራሱ 480 ኦም ገደማ ስለሆነ 60 ኦም ዘንግ ላይ ፏ ብሎ ይበራል። በ600 ኦም ላይ እንኳ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ስለዚህ መብራቱ የሚነግረን ሽቦው አለመቆረጡን ብቻ ነው። ይልቁንም የሚያስፈራው ሌላ ነው። በዚያ ደቂቃ የመሬቱ ሽቦ ከተያያዘባቸው ዕቃዎች ሁሉ ብረት ላይ ቮልቴጅ ይወጣል፤ በ60 ኦም 24 ቮልት ያህል፣ በ600 ኦም ግን ከ100 ቮልት በላይ። ሠራተኛው ሳሎን ሆኖ አምፖሉን እያየ ማድ ቤት ያለው ሰው ማቀዝቀዣውን ቢነካስ? የመሬት መለኪያ መሣሪያ ያለውን ሰው ፈልጉ።

ከስብሰባው በፊት አንድ ጎረቤታችን ከአሜሪካ ዘመድ የላከላቸውን የኤሌክትሪክ መጽሐፍ ይዘውልን መጥተው ነበር፤ ደስ ብሎን አየነው። እዚያ ሽቦ የሚሰፈረው በኤ ደብሊው ጂ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሽቦው ይወፍራል፤ ይህ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። የእነርሱ ደንብ የመሬቱን ሽቦ በሚገባው ሽቦ ውፍረት በሠንጠረዥ ይሰፍረዋል፤ ሆኖም ወደ ዘንግ ብቻ ለሚሄደው 6 ቁጥር፣ ማለት 13 ስኩዌር ያህል መዳብ፣ ለትልቅ ቤትም ቢሆን ይበቃል ይላል። ይህ እኛ ካልነው ጋር ተቀራራቢ ነው። ምክንያቱም አንድ ነው፦ ዘንግ ከሚያሳልፈው በላይ ሽቦ ማወፈር ጥቅም የለውም።

ነገር ግን ከዚያ መጽሐፍ አንድ ነገር አትቅዱ። በአሜሪካ ቤቶች የመሬቱ ሽቦና ኒውትራሉ በዋናው ሳጥን ውስጥ አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ ሥርዓታቸው ከመነሻው እንዲያ ተብሎ የተዘረጋ ነው። በእኛ ግቢ የራሱ ዘንግ ያለው ሰው ይህን በራሱ ፈቃድ ቢያደርግና በነፋስ ቀን ከምሰሶው የሚመጣው ኒውትራል ቢበጠስ፣ የቤቱ ብረት ሁሉ፣ ምጣዱም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ከነካው የቆርቆሮው አጥርም ኮረንቲ ይሆናል። «ግራውንድ ጠፍቶብኝ ከኒውትራሉ ጋር አገናኘሁት» ያለን ሰው አለ፤ ስሙን አንጠራም፤ በዚያው ዕለት አስለይተነዋል።

መብረቅን በሚመለከት የጠየቃችሁን አለ። ይህ ሽቦ የመብረቅ መከላከያ አይደለም። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ ንቀሉ።

እንጦጦ የአገሪቱ መናገሻ በነበረበት ዘመን በዚህ ተራራ ላይ ኩራዝና ጧፍ ነበር። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ በ2006 ዓ.ም. ተከፍሎ ሁለት መሥሪያ ቤት ከሆነ በኋላም ሽማግሌዎቻችን «መብራት ኃይል» እያሉ ይጠሩታል። መሥሪያ ቤቱ እስከ ቆጣሪው ያደርሳል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሽቦ፣ ዘንጉም ጭምር፣ የቤቱ ባለቤት ነው። የተከራየ ሰው ይህን ለአከራዩ ይንገር፤ አከራዩም «ውልህ ላይ የለም» አይበል። በአንድ ቆጣሪ አራትና አምስት አባወራ በሚኖርበት ግቢ አንዱ የሚያስገባው የተበላሸ ምጣድ የሁሉንም ብረት ነው የሚያነዝረው፤ ስለዚህ አር ሲ ዲውንና ዘንጉን ተዋጥቶ ማስገባት ይቻላል፤ ሁለት ግቢዎች እንዲሁ አድርገዋል።

የእናታችንን ቤት ነገር ለምትጠይቁን፦ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ዐሥራ ሁለት ሜትር ቦይ የግቢው ልጆች ቆፍረው ባዶ መዳብ ተቀብሯል፣ ባለ 16ቱ ሽቦ ከእርሱ ጋር በማሰሪያ ተገናኝቷል፣ አር ሲ ዲም ገብቷል። እንደ ገባ ወዲያውኑ ዘለለ፤ ምጣዱን ስንነቅለው ቆመ። የምጣዱ የውስጥ ሽቦ ከሸክላው ሥር ተቃጥሎ ብረቱን ነክቶ ነበር። ተሠርቷል። እናታችን ግን ኮንጎ ጫማቸውን አሁንም አላወለቁም።

ቤቱ እንዲታይለት የሚፈልግ ነዋሪ ስሙንና የቤት ቁጥሩን በማኅበሩ ዘበኛ ቤት ባለው ደብተር ላይ ያስመዝግብ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በተራ እንመጣለን፤ ለማየት ገንዘብ አንቀበልም። ሳጥኑ የተሸፈነበትን ቁም ሣጥን አስቀድማችሁ ፈቀቅ አድርጉልን፤ የዘንጉንም ቦታ የምታውቁ ምልክት አድርጉበት። ምጣዳቸው፣ ማቀዝቀዣቸው ወይም ቧንቧቸው የሚነዝራቸው ግን ተራ አይጠብቁም፤ ዛሬውኑ ብሬከሩን አውርደው ይንገሩን።

የማኅበሩ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ኮሚቴ